የጥሪና የጉብኝት አገልግሎት ስልጠና፦ ገብቼ ያየሁት

በቤተ ክርስቲያን የሚሰጡ ስልጠናዎችን ብዙ ጊዜ ወስጃለሁ። አብዛኞቹ ማስታወሻ ደብተር ሞልተው ያበቃሉ። ይሄኛው ግን አውጥቶ ሰው ቤት አስገባኝ። ለዚህ ነው ሰፋ አድርጌ ልጽፍበት የወሰንኩት።

የአዘጋጆቹን ስም አልጠቅስም። እንዲህ ዓይነት ስልጠና በተለያየ ስም ብዙ ቦታ ይሰጣል። ከየትም ብትወስዱት ይዘቱን እንድትመዝኑበት ያየሁትን ልንገራችሁ።

ስልጠናው ሦስት ወር ይፈጃል። በሳምንት አንድ ምሽት ክፍል ውስጥ ትማራላችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ለጉብኝት ትወጣላችሁ፤ ወደ ታመሙ ሰዎች፣ ብቻቸውን ወደሚኖሩ አረጋውያን፣ ሐዘን ላይ ወዳሉ ቤተሰቦች። አዘጋጆቹ ዓላማው ሁለት ነው ይላሉ። ምዕመኑ የተሰጠውን ጸጋ እንዲያውቅ፣ ቤተ ክርስቲያኗም ከግቢዋ ወጥታ ጎረቤቶቿን እንድታገለግል። መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ለምን አንድ ላይ እንደተደረጉ አልገባኝም ነበር። ሲያልቅ ግን የስልጠናው ትልቁ ጥበብ እሱ ሆኖ አገኘሁት። ጥሪ፣ ማለትም እግዚአብሔር ሰውን ለየትኛው አገልግሎት እንደጠራው፣ የሚለየው ሰው መሃል ነው። ከቡድናችን ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ጥሪውን ያገኘ አንድም ሰው የለም። ሁሉም ያገኙት ቅዳሜ ነው፤ የተረዱት ደግሞ ቅዳሜ ያዩትን በሳምንቱ ምሽት ላይ አምጥተው ሲነጋገሩበት ነው።

ስለ እኔ ትንሽ። በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በቤተ ክርስቲያን ለዓመታት ልጆችን አስተምሬያለሁ፤ ማስተማርም እወዳለሁ። ግን "የእኔ ቦታ ይሄ ብቻ ነው ወይ?" የሚል ጥያቄ ከውስጤ አይጠፋም ነበር። ቡድናችን ውስጥ አንድ ሹፌር፣ ጡረታ የወጡ መምህርት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ነበሩ። የመጀመሪያው ምሽት ላይ ለምን እንደመጣን በየተራ ስንናገር የሁላችንም ጥያቄ ያው ሆኖ ተገኘ። አንዳንዱ ሸክም አለው፣ ለማገልገል የሚገፋፋው ነገር፤ የት እንደሚያራግፈው ግን አያውቅም። አንዳንዱ ቦታ አለው፣ ሸክሙ ጠፍቶበታል።

ከደካማው ልጀምር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚያልቁት በጸጋ ስጦታ መጠይቅ ነው። ከመቶ በላይ ዓረፍተ ነገሮች አሉት። "ሰዎችን ማበረታታት ያስደስተኛል"፣ "የእግዚአብሔርን ቃል ለሌሎች ማብራራት ይቀናኛል" ዓይነት ናቸው። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ትሰጣላችሁ። ከዚያ ትደምሩና ከፍተኛ ነጥብ ያመጣው ጸጋችሁ ነው ትባላላችሁ።

ችግሩ መጠይቁ የሚለካው እስከ ዛሬ ዕድል ያገኛችሁበትን ነገር መሆኑ ነው። ተማሪው በሕይወቱ መድረክ ላይ ቆሞ አያውቅም። የማስተማር ነጥቡ ዜሮ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ታዲያ ዕድል ያልተሰጠው ልጅ ምን ብሎ ይሙላ? ሹፌሩ ደግሞ ቅጹን ከላይ እስከ ታች ሞልቶ ሲጨርስ ቀና አለና "እኔ እዚህ ውስጥ የለሁም" አለ። እውነቱን ነው። በዘጸአት 31 ላይ እግዚአብሔር ባስልኤልን በመንፈሱ ሞላው ይላል። የሞላው ወርቅና ነሐስ እንዲሠራ፣ ድንጋይ እንዲቀርጽ፣ እንጨት እንዲጠርብ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በእግዚአብሔር መንፈስ ተሞላ ከተባለላቸው የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ የእጅ ሙያተኛ ነው። መጠይቁ ውስጥ ግን ለእጅ ሙያ አንድም መስመር የለም።

ሌላም ነገር አለ። ሰው ራሱን ብቻውን ሲመረምር የሚያየው ትንሽ ነው። ሳሙኤል በሌሊት ሲጠራ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ወደ ዔሊ ሮጠ። የሚጠራው ማን እንደሆነ የገባው ሽማግሌው ዔሊ ነው። በሐዋርያት ሥራ 13 ላይም ለበርናባስና ለሳውል የተነገረው ቃል የመጣው በአንጾኪያ ያለው ማኅበር አብሮ ሲያመልክና ሲጾም ነው። እጃቸውን ጭነው የላኳቸውም እነሱው ናቸው። ለብቻ ተቀምጦ የሚሞላ ቅጽ ይህን ቦታ መያዝ አይችልም።

ክፍሉን ያዳኑልን አሰልጣኛችን ናቸው። በሆስፒታል ውስጥ ሕሙማንን ሲያገለግሉ የኖሩ ሴት ናቸው። የነጥብ ወረቀታችንን ይዘን ስንኩራራና ስናዝን አዩንና ሰሌዳው ላይ አራት ጥቅሶች ጻፉ። ሮሜ 12 ላይ 7 ስጦታዎች አሉ። አንደኛ ቆሮንቶስ 12 ከቁጥር 8 እስከ 10 ላይ 9 አሉ። ኤፌሶን 4፥11 ላይ 5 ዓይነት አገልጋዮች አሉ። አንደኛ ጴጥሮስ 4 ላይ ደግሞ ሁሉም በሁለት ተጠቃልሏል፤ የሚናገርና የሚያገለግል። አራቱ ዝርዝሮች አይገጥሙም። ጳውሎስ ራሱ ሁለት ቦታ አንድ ዓይነት ዝርዝር አልጻፈም። "ስለዚህ ይህን ዝርዝር እንደ መዝገብ አትያዙት" አሉን። "እነዚህ ምሳሌዎች ናቸው። የእናንተ እዚህ ላይ ላይጻፍ ይችላል።" ሹፌሩ ያን ጊዜ ፊቱ ሲፈታ አየሁት።

እኔ ብሆን መጠይቁን ወደ መጨረሻው ሳምንት እወስደው ነበር። ሰው ለሦስት ወር ካገለገለ በኋላ ቢሞላው የሚመልሰው ነገር ይኖረዋል።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ማዳመጥ ይጀመራል። ስልጠናውም ከዚህ በኋላ ነው ስልጠና የሆነው። ሦስት ሦስት እየሆናችሁ ትቀመጣላችሁ። አንዱ እውነተኛ ጉዳዩን ይናገራል፣ አንዱ ያዳምጣል፣ አንዱ ሁለቱን ይመለከታል። አዳማጩ ምክር መስጠት አይፈቀድለትም። የራሱን ታሪክ ማውራትም፣ ጥቅስ መጥቀስም አይፈቀድለትም። አሥር ደቂቃ ብቻ ናት፤ ግን ለቤተ ክርስቲያን ሰው ይቺ አሥር ደቂቃ ከባድ ናት! አፋችን ለመልስ የተዘጋጀ ነው። መምህርቷ "አርባ ዓመት ስናገር ኖሬ ዝም ማለት ያማል እንዴ?" ብለው ሳቁ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ግን ከሁላችን የተሻሉ አዳማጭ እሳቸው ሆኑ።

እዚህ ላይ አሰልጣኛችን የኢዮብን ወዳጆች አነሡ። እኛ የምናስታውሳቸው በክርክራቸው ነው። ከዚያ በፊት ግን ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእሱ ጋር መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ሕመሙ እጅግ እንደበረታ ስላዩ አንድም ቃል አልተናገሩም። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የሠሩት መልካም ሥራ እሱ ነው። ጥፋቱ የጀመረው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ይህን ሰምቼ አልረሳሁትም፤ የታመመ ሰው በር ላይ ስደርስ ሁሌም ትዝ ይለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የስልጠናው ልብ "ቃል በቃል" የሚባለው ወረቀት ነው። ከጉብኝት ስትመለሱ ወዲያው ቁጭ ብላችሁ የተባባላችሁትን ትጽፋላችሁ፤ የምታስታውሱትን ያህል፣ ሳታሳምሩ። በግራ በኩል የተነገረው ይሰፍራል፣ ዝምታውም ጭምር። በቀኝ በኩል በዚያ ሰዓት እናንተ ውስጥ የነበረው ስሜት ይሰፍራል። ከዚያ የሳምንቱ ምሽት ላይ ቡድኑ ፊት ይነበባል። ሌላ ሰው የእናንተን ቃል ያነባል፣ እናንተ የታማሚውን። ከዚያ ጥያቄ ይመጣል።

አሠራሩ የተወለደው ሆስፒታል ውስጥ ነው። አንቶን ቦይሰን የሚባሉ አሜሪካዊ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ በ1920 እ.ኤ.አ. በከባድ የአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ገብተው ነበር። ከተሻላቸው በኋላ ያንን ያዩትን ሥቃይ ለአገልግሎት አዋሉት። በ1925 በማሳቹሴትስ በሚገኘው የዉስተር የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ጥቂት የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ተቀብለው ማሠልጠን ጀመሩ። አገልጋይ የሚሆን ሰው መጻሕፍትን በጥንቃቄ እንደሚያነብ የሚሠቃየውንም ሰው በጥንቃቄ ማንበብ አለበት ብለው ያምኑ ነበር። ንግግርን ቃል በቃል ጽፎ መማርን ያስለመዱት ደግሞ ራስል ዲክስ የሚባሉ የሆስፒታል አገልጋይ ናቸው። ዛሬ በአሜሪካ ሙሉው ስልጠና አንዱ ዙር 400 ሰዓት ነው። የእኛው ከዚያ የተቀነጨበ ነው፤ ቢሆንም የሚያስፈልገው ቅመም አልጠፋበትም።

ወረቀቱ ምን እንደሚያደርግ ላሳያችሁ። ቀጥሎ ያለውን ከራሴ ወረቀት ነው ያወጣሁት። የጎበኘኋቸውን እናት አስፈቅጄአቸዋለሁ፣ ማንነታቸውን የሚያሳውቀውን ነገርም ትቻለሁ። ባለቤታቸው ካረፉ ጥቂት ወራት ሆኗቸው ነበር።

እሳቸው፦ ግቢ ልጄ። ቤቱ እንዲህ ተዝረክርኮ።
እኔ፦ ምንም አይደል እማማ። እንዴት ከረሙ?
እሳቸው፦ ይመስገን። እንቅልፍ ነው እምቢ ያለኝ።
እኔ፦ እንቅልፍ የሚነሣዎት ምንድን ነው?
እሳቸው፦ (ዝም አሉ። ወደ ጠረጴዛው አዩ።) ይሄ ወረቀት። ይሄን የሚያየው እሱ ነበር።
እኔ፦ (ዝም።)
እሳቸው፦ ከሞተ ወዲህ አልነካሁትም። ከነካሁት ያለቀ ይመስለኛል።
እኔ፦ አብረን እንንካው?

ጠረጴዛው ላይ የሕክምና ደረሰኝ፣ ያልተከፈተ የባንክ ደብዳቤ፣ የጡረታ ወረቀት ተከምሯል። አንድ በአንድ አነሣን። እኔ በየዓይነቱ ስከምር እሳቸው የእያንዳንዱን ታሪክ ይነግሩኛል። ይሄ የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ነው፣ ይሄ ደግሞ ተሽሎት የነበረ ጊዜ ነው እያሉ። ከአንዱ ደረሰኝ ጀርባ በባለቤታቸው እጅ የተጻፈ የድምር ስሌት አገኘን። በጣታቸው እየነኩት አለቀሱ። ብዙ ቆይተው "በይ ጸልዪልኝ" አሉኝ። ጸለይን። ወረቀቱ አላለቀም ነበር፤ ቀጠሮ ይዘን ወጣሁ።

ቡድኑ ፊት ሲነበብ መምህርቷ የእኔን ቃል አነበቡ። "አብረን እንንካው?" የምትለዋ ላይ ሲደርሱ አሰልጣኛችን አስቆሟቸውና ወደ እኔ ዞሩ።

"ይህችን ከየት አመጣሻት?"

"ከሥራዬ መሰለኝ። ሰው ወረቀት ይዞ ሲፈራ በየቀኑ አያለሁ።"

"ታዲያ እኛ ጋ ስትመጪ ሥራሽን ለምን በር ላይ ትተሽው ትገቢያለሽ?"

ምንም አልመለስኩም። ግን ለዓመታት ስጠይቅ የኖርኩት ጥያቄ እዚያች ጋ ተንቀሳቀሰ። አንደኛ ቆሮንቶስ 12፥28 ላይ ከሐዋርያትና ከነቢያት፣ ከተአምራትና ከፈውስ ጋር በአንድ መስመር ላይ "እርዳታ" የሚል ቃል አለ። ያን ጥቅስ ልጆች አስተምሬበታለሁ። ራሴን ፈልጌበት ግን አላውቅም። መጠይቁ ላይ ያመጣሁት ነጥብ "መምህር ነሽ" ነው የሚለኝ። ስህተት ነው አልልም። ሙሉ አይደለም እንጂ። ይህን ያየልኝ ሰው ነው፤ ያውም በራሴ አፍ የወጣን አንድ ዓረፍተ ነገር ይዞ።

ወረቀቱ የሚያሳየው መልካሙን ብቻ አይደለም። አንድ ባልደረባችን የጎበኘው ሰው "ፈርቻለሁ" ሲለው በሁለተኛው መስመር ላይ ጸሎት ጀምሯል። ጥሩ ጸሎት ነው። ግን ሰውየው ምን እንደፈራ ማንም አያውቅም፤ አልተጠየቀም። ቡድኑ አልወረደበትም። አንዷ ብቻ ቀስ ብላ "ያን ጊዜ ጸሎቱን የፈለገው ማን ነበር?" ብላ ጠየቀችው። በቀጣዩ ሳምንት ተመልሶ ሄዶ ጠየቀ። ሰውየው የፈራው ሞትን አልነበረም፤ የተጣላው ልጁ ሳይመጣ መሞቱን ነው። ይህ እውነት ከወጣ በኋላ የተጸለየው ጸሎት ሌላ ነው።

በዚሁ ክፍል ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ቀላል አይደለም። ወረቀቶቹ ላይ የሰው ምስጢር አለ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሰበሰቡት ማንም በሚገባበት ቢሮ ውስጥ፣ ክፍት ፋይል ውስጥ ነበር። ስምም ነበረባቸው። ሁለት ሦስታችን ሆነን ተናገርን። ከዚያ በኋላ ስም መጻፍ ቀረ፣ ወረቀቱም እንደተነበበ መቀደድ ጀመረ። መስተካከሉ ጥሩ ነው። ግን ሰልጣኝ እስኪናገር መጠበቅ አልነበረበትም። ሐዘንተኛ ሰው በሩን የከፈተላችሁ አምኗችሁ ነው።

ስለ ሰፈር አገልግሎቱ ክፍል ደግሞ ሁለት ዓይነት ስሜት ነው ያለኝ። ትምህርቱ ግሩም ነው። ወደ አንድ ሰፈር ስትሄዱ "እዚህ ምን ጎደለ?" ብላችሁ አትጀምሩ ይላል። "እዚህ ምን አለ? ማን ምን ይችላል?" ብላችሁ ጀምሩ። ይህን አካሄድ በስፋት ያስተዋወቁት በአሜሪካ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የነበሩት ጆን ማክናይትና ጆዲ ክሬትዝማን ናቸው፤ በ1993 እ.ኤ.አ. አካባቢ። እኛም እንደ ተባልነው ሰፈሩን በእግራችን ዞርን። ማን ልብስ መስፋት ይችላል፣ ማን ነርስ ነበረች፣ ማን የሁሉንም ሕፃን ስም ያውቃል እያልን ጻፍን። ልንረዳቸው ካሰብናቸው ሰዎች መካከል ግማሹ ሌላውን መርዳት የሚችሉ ሆነው አገኘናቸው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን "የአገልግሎት ቀን" የሚባል ነገር መጣ። አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰን፣ ዕቃ ተሸክመን፣ በአንድ ቀን ሰፈሩን አዳርሰን ተመለስን። ፎቶ ተነሣ። ዕቃ የሚቀበሉ ሰዎች ፎቶ ተነሡ። እኔ ይህን አልወደድኩትም፤ በስብሰባው ላይም ተናግሬያለሁ። ጌታ ስለ ምጽዋት ሲያስተምር ቀኝ እጅህ የምታደርገውን ግራ እጅህ አትወቅ ነው ያለው። ከፎቶው ይልቅ የከፋው ግን በማግስቱ ማንም ተመልሶ አለመሄዱ ነው።

የሐዋርያት ሥራ 6ን አንብቡት። በየቀኑ በሚታደለው ነገር የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ተዘነጉ፣ ወገኖቻቸውም አንጎራጎሩ። ሐዋርያት አንድ ቀን ትልቅ እደላ አድርገው አላለፉም። ለዚያ ሥራ የሚቆሙ ሰባት ሰዎች አስመረጡ። የሰባቱም ስም ግሪክኛ ነው። ሸክሙ የተሰጠው ቅሬታው ላለባቸው ሰዎች ቅርብ ለሆኑት ይመስላል። እስጢፋኖስና ፊልጶስ በኋላ በስብከት ታወቁ፤ የተሾሙት ግን ለማዕድ ነበር። ጥሪ እንዴት እንደሚያድግ ማየት ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ ምዕራፍ የለም ብዬ አምናለሁ።

ለአዘጋጆቹም ያልኳቸው ይህንኑ ነው። የአገልግሎት ቀኑን ሰርዙት፤ በምትኩ ለእያንዳንዱ ሰልጣኝ ሁለት ቤት ስጡት፣ ዓመቱን ሙሉ ይመላለስ። እንዲህ ዓይነት ነገር አዲስ አይደለም። በ1742 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ብሪስቶል ከተማ የሜቶዲስት ንቅናቄ መሥራች የሆነው የጆን ዌስሊ ተከታዮች የሕንፃ ዕዳ ነበረባቸው። እያንዳንዱ አባል በሳምንት አንድ ፔኒ እንዲያዋጣ፣ ለአሥራ ሁለት ሰው ያህል አንድ ሰብሳቢ እንዲመደብ ተስማሙ። ሰብሳቢዎቹ ቤት ለቤት ሲዞሩ ሰው እንዴት እንደሚኖር አዩ። ማን እንደታመመ፣ ማን ከሚስቱ ጋር እንደተጣላ አወቁ። የሳንቲም መሰብሰቢያው ሳምንታዊ የነፍስ ጥበቃ ሆነ። የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። ከአንድ ቀን ሰልፍ ይልቅ በየሳምንቱ የሚያንኳኳ አንድ ሰው ይበልጣል።

የሥነ ምግባር ምሽቱን ማንም እንዳይቀርበት እመክራለሁ። ብዙ ቦታ የማይነገረው እዚያ በግልጽ ተነገረ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ ጌታም ደቀ መዛሙርቱን እንዲሁ ነው የላከው። ከሕፃን ጋር ብቻችሁን በር ዘግታችሁ አትቀመጡ። ገንዘብ በእጃችሁ አትቀበሉ። ታማሚን መድኃኒትህን ተው አትበሉ፤ ለፈውስ ጸልዩ፣ ቀጠሮውንም አስታውሱት። እርዳታን ደግሞ ሃይማኖት ለማስለወጥ መያዣ አታድርጉ።

የመጨረሻዋ ላይ ክርክር ተነሣ። "ወንጌል ካልሰበክን ለምን ሄድን?" ያሉ ነበሩ። አሰልጣኛችን ሁለት ነገር አነሡ። በ1994 እ.ኤ.አ. የቀይ መስቀል ንቅናቄና ሌሎች የእርዳታ ድርጅቶች ያወጡት የሥነ ምግባር ደንብ እርዳታ ለፖለቲካ ወይም ለሃይማኖት ማራመጃ እንዳይውል ይላል። ደንቡን ካወጡት መካከል የአብያተ ክርስቲያናት የዓለም ጉባኤ፣ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና የካቶሊኩ የእርዳታ ድርጅት ካሪታስ አሉበት። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአብያተ ክርስቲያናት የዓለም ጉባኤ፣ ቫቲካንና የዓለም ወንጌላውያን ኅብረት አንድ ላይ የምስክርነት መመሪያ አውጥተዋል። የሰውን ድህነትና ችግር መጠቀሚያ ማድረግ የወንጌል ሥራ እንዳልሆነ በግልጽ ጽፈዋል። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ወረቀት ላይ ሲፈርሙ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። እኔ በዚህ ፍጹም እስማማለሁ። የተራበ ሰው "አምናለሁ" ሲለኝ ለዳቦው ይሁን ለጌታ እንዴት አውቃለሁ? ስለ እምነቴ ሲጠይቀኝ በደስታ እነግረዋለሁ። ብዙዎቹም ይጠይቃሉ፤ በሦስተኛው በአራተኛው ጉብኝት ላይ።

ያነሰብኝ ነገር ስለ አገልጋዩ ራሱ የተሰጠው ጊዜ ነው። አንድ ምሽት ብቻ! አማቱ ዮቶር ሙሴን ከጠዋት እስከ ማታ ሕዝብ ሲዳኝ አይቶ ትደክማለህ፣ ሕዝቡም ይደክማል፣ ብቻህን አትችለውም ያለውን አንብበን ተለያየን። ከእኛ መካከል ግን ከሐዘን ቤት መጥታ ማታ ለልጆቿ ራት የምትሠራ እናት ነበረች። በሰማችው ሐዘን እንቅልፍ ያጣች ነበረች። እምቢ ማለትን፣ ማረፍን፣ የሰማኸውን የት እንደምታወርድ ማወቅን የሚያስተምር ቢያንስ ሌላ ሁለት ምሽት ያስፈልገዋል። ያለዚያ ትጉዎቹ ናቸው ቀድመው የሚወድቁት።

ሌላው ጉዳይ መጨረሻው ነው። ሰርተፍኬት ተሰጠን፣ ተጨበጨበ። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያኗ ሰው የምትመድብበት ዝግጁ መንገድ አልነበራትም። ቡድናችን በራሱ ተነሣሥቶ በወር አንድ ጊዜ መገናኘት ቀጠለ፤ ወረቀቶቻችንን አሁንም እናነባለን። ሹፌሩ በሳምንት አንድ ከሰዓት ሕሙማንን ሆስፒታል ያመላልሳል። መንገድ ላይ ከኋላ ወንበር የሚነገረውን የሚያህል ነገር የትም አልሰማሁም ይላል። ተማሪው ሁለት ሽማግሌዎች ቤት እየሄደ መጽሐፍ ቅዱስ ያነብላቸዋል። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጥያቄያቸው ግን አልደከመም፤ ሳያስበው እያብራራላቸው ነው። እኔ አሁንም ልጆቹን አስተምራለሁ። ከዚያ በተጨማሪ ባል ወይም ሚስት የሞተባቸው ቤተሰቦች ጋ እየሄድኩ ወረቀታቸውን አብሬ አያለሁ። ፋይል እገዛላቸዋለሁ፣ ወደ ቢሮ መሄድ ካለባቸው አብሬ እሄዳለሁ። ሸክሜን አገኘሁ ስል ማጋነን አይደለም።

ውሰዱት ወይ ብትሉኝ፣ አዎ። አገልግሎት ለጀመረም፣ ቆይቶበት ለደነዘዘም ይጠቅማል። አሁን ሐዘን ላይ ያለ ሰው ግን ትንሽ ቢቆይ ይሻላል፤ በሦስት ወር ውስጥ የብዙ ሰው ሐዘን ነው የሚሰማው። ቅዳሜውን መስጠት የማይችልም አይመዝገብ፤ የክፍሉ ትምህርት ብቻውን ያን ያህል ሩቅ አይወስድም።

ከመመዝገባችሁ በፊት አዘጋጆቹን ጠይቁ። የሚከታተላችሁ ሰው ራሱ ሕሙማን ጋ ሄዶ የሚያውቅ ነው ወይ? በአንድ ቡድን ስንት ሰው ነው? ከስምንት ከበለጠ ወረቀታችሁ ተራ አይደርሰውም። የምትጽፉት የት ይቀመጣል? ሲያልቅስ ማን ይቀበላችኋል? ለመጨረሻው ጥያቄ ጥርት ያለ መልስ ካላገኛችሁ፣ ከቡድናችሁ ሁለት ሦስት ሰው ይዛችሁ የወር መገናኛ ቀናችሁን ከስልጠናው ሳትወጡ ቁረጡ።